ከሕግ ክርክር ወደ አርበኞች ሠፈር፦ የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ትዕዛዝ የሥራ ዘመን

ቦንጋ፦ ከጅማ ተነስቶ ወደ ቦንጋ የሚያመራ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር ወደ ከፋ ዞን ይገባል። ከፋ በአሁኑ ወቅት በይበልጥ የሚታወቀው በቡናው፣ በተፈጥሮ ደኑና በብሔራዊው የቡና ሙዚየም ነው። ይሁን እንጂ ጎጀብ በአገሪቱ የዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥም ስሙ የሚነሳ ወንዝ ነው። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ቀሪ ሠራዊታቸውን ይዘው በኢጣልያ ጦር ተከበው እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በዚሁ ወንዝ አካባቢ ነበር።

ይህ ድርጊት ዘወትር የሚነገረው እንደ ጦርነት ታሪክ ነው። በዚያው ጊዜ ግን ከአገሪቱ ርቃ በምትገኘው ጄኔቫ ሌላ ክርክር ይካሄድ ነበር፤ ክርክሩም ኢትዮጵያ የምትባል አገር በሕግ አለች ወይስ የለችም የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘው ከቆሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሕግ ምሁሩ ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ትዕዛዝ ናቸው። በጎጀብ ዳርቻ የሆነው ነገር የእርሳቸውን የክርክር መሠረት የነካ በመሆኑ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ከዚህ አካባቢ ጋር አያይዞ ማየቱ ተገቢ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ሎሬንዞ ትዕዛዝ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። ኤርትራ በጊዜው የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ነበረች። የቅኝ አስተዳደሩ ለአገሬው ተወላጅ የፈቀደው ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ ጥቂት ክፍሎች የማይዘልቅ ሲሆን፣ ዓላማውም አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ወታደር ማፍራት ነበር። ወጣቱ ሎሬንዞ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ተምረው የቅኝ አስተዳደሩ ሠራተኛ ሆኑ።

በ1910ዎቹ አጋማሽ ኤርትራን ለቀው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን የተማረ ሰው በብርቱ ይፈልጉ ስለነበር ሎሬንዞን ተቀብለው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ ላኳቸው። እርሳቸውም በሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

የተመለሱባት ኢትዮጵያ ለአንድ የሕግ ምሁር ሰፊ የሥራ መስክ ነበረች። አገሪቱ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ፈርማለች፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ታውጇል። ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል ጠብ ቢነሳ በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ የሚያዝ ነበር። በጊዜው የነበሩት የተማሩ ባለሥልጣናት የአገሪቱ ነፃነት ከጦር መሣሪያ ይልቅ በእነዚህ ውሎች እንደሚጠበቅ ተስፋ ያደርጉ ነበር።

የወልወል ጉዳይ

ይህ ተስፋ የተፈተነው በኦጋዴን ነው። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በብሪታንያ ሶማሌላንድ መካከል ያለውን ድንበር ለማካለል የተቋቋመው የጋራ ኮሚሽን ወልወል ከተባለው የውኃ ጉድጓድ ሲደርስ ሥፍራውን የኢጣልያ ጦር ይዞት አገኘ። አቶ ሎሬንዞ በኮሚሽኑ የኢትዮጵያ ወገን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ኮሚሽኑ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቅርቦ ከሥፍራው ፈቀቅ አለ፤ አጃቢው የኢትዮጵያ ጦር ግን እዚያው ቆየ። ኅዳር 26 ቀን በተከፈተው ተኩስ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን አጡ።

ኢትዮጵያ በውሉ መሠረት ጉዳዩ በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይላት ጠየቀች። ኢጣልያ በበኩሏ ይቅርታና ካሣ ጠየቀች። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኞች ከብዙ ወራት በኋላ ለተኩሱ ከሁለቱ መንግሥታት አንዱንም ተጠያቂ ሳያደርጉ ውሳኔያቸውን ሰጡ። ሙሶሊኒ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ አከማችቶ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ።

የጄኔቫው መድረክ

ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፣ የኢትዮጵያን ጉዳይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለማቅረብ ወስነው ነበር። አቶ ሎሬንዞ ወደ ጄኔቫ ከሄዱት የልዑካን ቡድኑ አባላት አንዱ ሲሆኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጉባኤው ፊት በአማርኛ ያሰሙትን ታሪካዊ ንግግር በማዘጋጀቱ ሥራ ተካፍለዋል። በዕለቱ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ንግግሩን ለማወክ መሞከራቸው የሚታወስ ነው።

ንግግሩ የዓለምን ሕዝብ ቢነካም የመንግሥታቱን ፖሊሲ አልለወጠም። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ ጥሎት የነበረውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አነሳ። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ልዑካን ሥራ እርዳታ ከመለመን ይልቅ አንድ የሕግ ነጥብ ወደ መከላከል ዞረ።

ነጥቡ የሚከተለው ነበር። ኢጣልያ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወደ ግዛቷ መጠቅለሏን አውጃለች። ይሁን እንጂ በጊዜው በነበረው የዓለም አቀፍ ሕግ አስተያየት ዋና ከተማን መያዝ ብቻውን አንድን አገር ከመንግሥታት ተራ አያወጣም። ሕጋዊው መንግሥት ከግዛቱ ከፊሉን ይዞ እስከተዋጋ ድረስ ጦርነቱ እንዳለ ይቆጠራል፤ ወራሪውም ያዥ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ለልዑካኑ ክርክር ማስረጃ የሚሆነው በአገር ውስጥ የሚሠራ የኢትዮጵያ መንግሥት መኖሩ ነበር።

ከጎሬ እስከ ጎጀብ

ይህ መንግሥት በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጎሬ ይገኝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከመሄዳቸው በፊት ልዑል ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾመዋል፤ የጎሬውን ጊዜያዊ መንግሥትም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እንዲመሩት አድርገዋል። ራስ እምሩ ከሽሬ ግንባር የተረፈውን ሠራዊት ይዘው በጎጃም በኩል ወደ ምዕራብ አቀኑ። በነቀምቴ የተመሠረተውና ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የመሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእርሳቸው ጋር ተባበረ። በማኅበሩ ውስጥ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ምሁራን ነበሩበት። ማኅበሩ የጦሩ ክፍል ለሲቪሉ አመራር እንዲታዘዝ የሚያዝ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንደነበረው ይታወቃል።

የጎሬው መንግሥት አቅሙ አነስተኛ፣ ገንዘቡ ጥቂት፣ ከውጭ ጋር ያለው ግንኙነትም የተቆራረጠ ነበር። ለጄኔቫው ክርክር ግን ዋጋው ከፍተኛ ነበር። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የማኅበሩ ጉባኤ ሲከፈት የኢትዮጵያ ልዑካን የውክልና ሥልጣን አላቸው ወይስ የላቸውም የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ በጎሬ ስላለው መንግሥት በሰፊው ተነጋገሩበት። በመጨረሻም ጉባኤው ጥርጣሬው ለኢትዮጵያ የሚጠቅም ሆኖ እንዲቆጠር በማድረግ፣ ልዑካኑ በዚያ ስብሰባ እንዲቀመጡ በብዙኃን ድምፅ ወሰነ። የኢትዮጵያ ወንበር በዓለም መድረክ የተጠበቀው በምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች በነበሩት ሰዎች ጽናት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጊዜው ግን አጭር ነበር። በኅዳር ወር የኢጣልያ ጦር ጎሬን ያዘ። ወደ ደቡብ ያፈገፈጉት ራስ እምሩ በኢጣልያ ዓምዶች ተከበው በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ከእርሳቸው ጋር ከተማረኩት መካከል ኋላ በደራሲነታቸው የታወቁት ሐዲስ ዓለማየሁ ይገኙበታል። ራስ እምሩና ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ በርካታዎቹ ወደ ኢጣልያ ተወስደው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ በደሴት እስር ቆይተዋል። ከፋም መቀመጫው ጅማ በሆነው የኢጣልያ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ተደረገ።

የዚህ ሽንፈት ውጤት በአውሮፓም ታየ። በዚያው በታኅሣሥ ወር ብሪታንያ በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ዝቅ ለማድረግ ወሰነች። ይህም የኢጣልያን አገዛዝ በተግባር እንደመቀበል የሚቆጠር ነበር።

ሕግ ብቻውን ሲቀር

ቀጥለው የመጡት ሁለት ዓመታት ለአቶ ሎሬንዞ እጅግ አስቸጋሪዎቹ ነበሩ። በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል እንደመሆናቸው መጠን የሚናገሩት ለመስማት ፈቃደኛ ባልሆኑ መንግሥታት ፊት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ ኢትዮጵያ ገለልተኛ መርማሪ ቡድን እንዲላክ ያቀረበችው ጥያቄም ፍሬ ሳያገኝ ቀረ።

ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት የኢጣልያን ግዛትነት መቀበል ለየአባል መንግሥቱ ፈቃድ ይተው የሚለውን የብሪታንያ ሐሳብ ለማየት ተሰበሰበ። ንጉሠ ነገሥቱ በአካል ተገኝተው ነበር። የኢትዮጵያን መግለጫ ያነበቡት ግን አቶ ሎሬንዞ ናቸው። ከአሥራ አራቱ የምክር ቤቱ አባላት መካከል ለኢትዮጵያ የተከራከሩት ቻይና፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ኒውዚላንድና ቦሊቪያ ብቻ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ሕግ ለፖለቲካ ምን ያህል ተገዥ እንደነበር ለማየት በለንደን የታየ አንድ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፈል የሚገባ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ገንዘብ ይከፈለኝ ብለው ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የቴሌግራፍ ኩባንያ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1930 ዓ.ም. የክረምት ወራት፣ የብሪታንያ መንግሥት በሕግ የሚያውቃቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እርሳቸው በመሆናቸው ገንዘቡ ይገባቸዋል ሲል ፈረደ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ከመወሰኑ በፊት ብሪታንያ በኅዳር ወር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ በሕግ ተቀበለች። የይግባኙ ፍርድ ቤትም የቀድሞውን ፍርድ ሻረ። ሰነዱም፣ ዕዳውም፣ ተከራካሪዎቹም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የመንግሥት ዕውቅና ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ በጄኔቫ ይቀርብ የነበረው ዓይነት ክርክር የሚሰማበት መድረክ አልቀረም። በዳኛ ፊት ሁለቱንም ወገን አመዛዝኖ የሚናገር የሕግ ሰው መሆንም በቂ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በግልጽ የአንድ ወገን ቃል አቀባይና ጸሐፊ ሆኑ። ወገናቸውም በአገር ውስጥ የሚዋጋው አርበኛ ነበር።

ወደ አርበኞች ሠፈር

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ይኖሩባት ከነበረችው ከእንግሊዝ አገር ብላቴን ጌታ ሎሬንዞን በምሥጢር ወደ ሱዳን ላኳቸው። እርሳቸውም ድንበሩን አቋርጠው ጠላት ወደ ያዘው አገር በመግባት ከአርበኞች ጋር ተገናኙ። በዚያን ጊዜ በጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ ጠላትን እረፍት ነስተውት ነበር።

ጉዞው ለማንም ሰው አደገኛ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን አደጋው እጥፍ ነበር። በቅኝ ግዛት ተወልደው፣ ለቅኝ አስተዳደሩ ሠርተው፣ ኋላም በዓለም ፊት የኢጣልያ ከሳሽ የሆኑ ሰው ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ግልጽ ነበር።

የጉዞው ጥቅም በሁለት መንገድ ይታያል። በመጀመሪያ፣ ኢጣልያ አገሩ ጸጥ ብሏል እያለች የምታሰማውን ስብከት የሚያፈርስ የዓይን ምስክር ተገኘ። የጎሬው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ለኢትዮጵያ ክርክር የጎደለው ይኸው ማስረጃ ነበር። ሁለተኛ፣ በየአውራጃው በተናጠል ይዋጉ የነበሩትና አንዳንድ ጊዜም እርስ በርስ የሚፎካከሩት የአርበኞች መሪዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ተከፈተ።

የብዕር ዘመቻ በካርቱም

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ሁኔታው ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ሲበሩ አብረዋቸው ከነበሩት ጥቂት ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ሎሬንዞና ኋላ ጸሐፌ ትእዛዝ የሆኑት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ይገኙበታል።

በካርቱም የተጀመረው ሥራ የጽሑፍ ዘመቻ ነበር። ለኢትዮጵያ ሕዝብና ለኢጣልያ ጦር ወታደርነት ለተመለመሉ የኤርትራ ተወላጆች የተዘጋጁ የአዋጅ ወረቀቶች ከአውሮፕላን ይበተኑ ጀመር። ባንዲራችን የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም በዚያው በካርቱም ይታተም ነበር። የእንግሊዝ ወገን የስብከቱን ክፍል ይመራ የነበረው ከወረራው ጊዜ ጀምሮ ለኢትዮጵያ የጻፈው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ነው። ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ አዋጆቹን በማርቀቁ ሥራ ከንጉሠ ነገሥቱና ከጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ሠርተዋል።

ጽሑፎቹ ወገንተኛ እንደነበሩ አይካድም፤ የተዘጋጁትም ለጦርነት ነው። የሚጠሩትም ሕዝቡን ለትግል፣ የኢጣልያን ወታደር ደግሞ ለመክዳት ነበር። ከተቀባዮቻቸው መካከል የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ የትውልድ አገር ልጆች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. በከረን ግንባር ውጊያው በተፋፋመበት ወቅት ከኢጣልያ ሰልፍ እየከዱ የወጡት ወታደሮች ብዛት፣ ወረቀቱ ከጥይት ባላነሰ ሥራ ላይ መዋሉን ያመለክታል።

የሚኒስትርነት ዘመን

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 3 ቀን በተሾመው የመጀመሪያ የሚኒስትሮች ጉባኤ ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሹመቱ ራሱ የሕግ ክርክር አስነሳ። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ ከጠላት የተያዘ ግዛት ስለሆነች፣ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች የመሾም ሙሉ ሥልጣን የላቸውም የሚል አቋም ያዙ። በጄኔቫ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግን መንግሥቱ በዋና ከተማው ተቀምጦ ነበር፤ አርበኛውም መሣሪያውን አላስቀመጠም።

ከብዙ ድርድር በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ብሪታንያ ኢትዮጵያን ነፃ አገር አድርጋ ተቀበለች። ስምምነቱ ግን ጎዶሎ ነበረበት፤ የምድር ባቡሩና ኦጋዴንን ጨምሮ የተወሰኑ ግዛቶች በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀርተዋል፤ የእንግሊዝ አማካሪዎችም ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዶቹ የተሻሻሉት በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ስምምነት በተፈረመ በሁለት ወር ውስጥ፣ በመጋቢት 1934 ዓ.ም.፣ የነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። አገሪቱም ሕጓን በራሷ ስም ለማውጣት በቃች።

ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት በኋላ የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስቴርን መርተዋል። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በ1935 ዓ.ም. የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላም በሞስኮ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሠርተዋል። ሶቪየት ኅብረት በ1930 ዓ.ም. በጄኔቫ እርሳቸው መግለጫውን ባነበቡበት ዕለት ለኢትዮጵያ ከተከራከሩት አራት መንግሥታት አንዷ እንደነበረች ይታወሳል።

በ1930ዎቹ ማብቂያ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በስዊድን አገር ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የትውልድ አገራቸው የኤርትራ ዕጣ በዚያን ጊዜ ገና አልተወሰነም ነበር። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሃደች፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ አገር ሆነች። በመሆኑም የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ስም ዛሬ የሁለት አገሮች ታሪክ አካል ነው።

ከሥራ ዘመናቸው የሚወሰደው ትምህርት

የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ የሥራ ዘመን ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ በሕግ ተከራካሪነት፣ በአንድ ወገን ቃል አቀባይነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ሦስቱን የሥራ ዓይነቶች የሚያያይዛቸው ማስረጃን አጥብቆ መያዝ ነው። በወልወል የተቃውሞ ጽሑፍ ነበር፤ በጄኔቫ የጎሬው መንግሥት መኖር ነበር፤ ይህ ማስረጃ በጎጀብ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ለማምጣት ራሳቸው ወደ ዱሩ ገቡ። ወገን ይዘው ሲጽፉም የቆሙለት ወገን በእርግጥ መኖሩን በዓይናቸው አይተው ነበር።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ውልና ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ራሳቸውን አይጠብቁም፤ በሥፍራው የሚቆምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በሥፍራው የቆመው ሰውም ድካሙ ከንቱ እንዳይቀር የሚመዘግብለትና ቃሉን ለዓለም የሚያደርስለት ያሻዋል። በ1929 ዓ.ም. በከፋና በኢሉባቦር ደኖች የተንከራተቱት ወታደሮች ስማቸው በጄኔቫ መነሳቱን አላወቁ ይሆናል። ልዑካኑ ወንበራቸውን የያዙት ግን በእነርሱ ነበር።